የጥንት ዕቃ፣ ቁፋሮና ቅርስ፦ ጎጃም ውስጥ ተደጋግመው የሚጠየቁ ጥያቄዎች

ጎጃም ውስጥ ስለ ጥንት ዕቃ ወሬ ከተነሣ ጥያቄው አያልቅም። ገበሬው ማሳው ውስጥ ስላገኘው ይጠይቃል፤ ተማሪው ስለ ሉሲ፤ ውጭ አገር ያለው ደግሞ አያቱ ሳጥን ውስጥ ስለቀረው ነገር። ደጋግመው የሚመጡት እዚህ ተሰብስበዋል። ዓመቶቹ ሁሉ፣ ከአዋጅ ቁጥር በስተቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ማሳ ሳርስ የተጠረበ ድንጋይና የሸክላ ስብርባሪ ወጣ። ምን ላድርግ?

በሬዎቹን ያቁሙ፤ ዕቃውን ግን አይጎትቱት። ሰው እንዲህ ያለ ነገር ሲያገኝ ቶሎ የሚታየው አውጥቶ፣ አጥቦ፣ ቤት ማስገባት ነው። ለተመራማሪ ግን ከዕቃው ይልቅ የተቀመጠበት ቦታ ይበልጥበታል። ምን ያህል ጥልቀት ላይ ነበር? አጠገቡ ከሰል ነበር? አጥንትስ? ዕቃው አንዴ ከተነሣ እነዚህን የሚመልስ የለም።

በስልክዎ ፎቶ ያንሡት። መጠኑ እንዲታወቅ አጠገቡ እስክሪብቶ ወይም ሳንቲም ያኑሩ። ከዚያ አፈሩን መልሱበትና ቦታውን ምልክት አድርገው ለቀበሌው፣ ለወረዳው ባህልና ቱሪዝም ጽሕፈት ቤት ይናገሩ። አዋጅ ቁጥር 209/1992 በአጋጣሚ ቅርስ ያገኘ ሰው ወዲያው እንዲያሳውቅና የቅርስ ባለሥልጣን እስኪረከበው ድረስ እንዲጠብቀው ያዝዛል። ለአስረካቢው ተገቢ ሽልማት እንዲሰጠውም ይላል። ሽልማቱ ትራክተር ይገዛልዎታል ብዬ ግን አልሸነግልዎትም።

«ከእኔ ማሳ ደግሞ ምን ሊወጣ» አይበሉ። በ1974 ቻይና ውስጥ ሺአን ከተማ አጠገብ ገበሬዎች የውሃ ጉድጓድ ሲቆፍሩ የሸክላ ሐውልት ስብርባሪ አወጡ። ቁፋሮው ሲቀጥል የተገኘው የቻይናን የመጀመሪያ ንጉሠ ነገሥት መቃብር እንዲጠብቅ የተቀበረ የሸክላ ሠራዊት ነው። ብዛቱ 8,000 ገደማ ይሆናል ተብሎ ይገመታል።

ድንጋዩ ላይ ጽሑፍ ቢኖርበትስ?

አይፈግፍጉት። ፊደሉ ጎልቶ እንዲታይ ብለው በጠመኔ ወይም በከሰል አያቅልሙት። ጠዋት ወይም ማታ ፀሐይ በጎን ስትመታው ፎቶ ቢያነሡት ከማንኛውም ቀለም ይሻላል፤ ጥላው ራሱ ፊደሉን ያወጣዋል።

ጽሑፍ ያለበት ድንጋይ ትልቅ ነገር ነው። ግብፅ ውስጥ ረሺድ በምትባል ከተማ የፈረንሳይ ወታደሮች በ1799 ያገኙት የሮዜታ ድንጋይ አንዱን አዋጅ በሦስት ዓይነት ጽሕፈት ይዟል። አንዱ ግሪክኛ ስለነበር ሻምፖሊዮን የተባለ ፈረንሳዊ በእሱ ተመርቶ በ1822 የግብፅን የጥንት ጽሕፈት ቁልፍ አገኘ። እኛም አክሱም ላይ የንጉሥ ኢዛና ድንጋይ አለን፤ እሱም ባለ ሦስት ነው፦ ግዕዝ፣ ሳባውያን ፊደልና ግሪክኛ። የሮዜታው ለንደን ነው፣ የኢዛናው አገሩ ላይ ነው። ይህ ቀላል ልዩነት አይደለም።

የአያቴ ጠገራ ብር 1780 ይላል። ከ240 ዓመት በላይ ሆነው ማለት ነው?

ሊሆን ይችላል፤ ቁጥሩ ግን አይነግርዎትም። ማሪያ ቴሬዛ፣ ምስሏ ብሩ ላይ ያለችው የኦስትሪያ ንግሥት፣ በ1780 ሞተች። ነጋዴው ግን ከዚህ መልክ ሌላ አልቀበል አለ። ስለዚህ ማተሚያ ቤቶቹ ዓመቱን ሳይነኩ ማተማቸውን ቀጠሉ። ቪየና ብቻም አይደለም፤ ሮም፣ ለንደንና ቦምቤይም ታትሟል። በ1935 የታተመውም 1780 ነው የሚለው።

አንዱ ጠገራ ብር 28 ግራም ገደማ ይመዝናል፤ ከሺህ እጅ 833ቱ ንጹሕ ብር ነው። ዋጋውን ሲያስቡ ከዚያ ይነሡ። «ሚሊዮን ያወጣል» የሚል ደላላ ካጋጠመዎት ራሱ በሚሊዮኑ ይግዛው። ይልቅ እናትዎ ያጠለቁትን የብር መስቀል ልብ ብለው ይዩት፤ ድሮ አንጥረኛ መስቀል የሚሠራው ብዙ ጊዜ ጠገራ ብር አቅልጦ ነበር።

ለምን ጎጃም ውስጥ እንደ ሉሲ ያለ ግኝት አይሰማም?

ዕድል ስለጎደለን አይደለም፤ መሬቱ ነው። የጎጃም ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት ገደማ በፊት በፈሰሰ የእሳተ ገሞራ ድንጋይ የተሸፈነ ነው። ጮቄ ተራራ ራሱ የጠፋ እሳተ ገሞራ ነው። ሉሲ ደግሞ 3.2 ሚሊዮን ዓመቷ ነው። ከእሷ በብዙ የሚያረጅ ድንጋይ ውስጥ የእሷን ዘመድ መፈለግ አይሆንም።

አፋር ሌላ ነው። መሬቱ እየተሰነጠቀ ዝቅ ይላል፣ ወንዝና ሐይቅ ደለል ያለብሰዋል፣ በኋላ ጎርፍ ይሸረሽረውና አጥንቱ ብቅ ይላል። ሐዳር ላይ ኅዳር ወር 1974 ዶናልድ ጆሃንሰን ሉሲን ሲያገኝ አጥንቱ መሬት ላይ ተጋልጦ ነበር። ጎጃም ላይ ጤፍና ባሕር ዛፍ ያለበሰው ጥቁር አፈር እንዲህ በቀላሉ ምሥጢር አያወጣም።

ሩቅ ሳንሄድ ግን፣ መተማ ቆላ ውስጥ የአባይ ገባር በሆነው ሽንፋ ወንዝ ዳር፣ በ2024 የታተመ ጥናት አስደናቂ ነገር አሳይቷል። ከ74,000 ዓመት ገደማ በፊት ኢንዶኔዥያ ውስጥ ቶባ የተባለ ግዙፍ እሳተ ገሞራ ፈንድቶ ነበር። ከእሱ የመጣ በዓይን የማይታይ የብርጭቆ ብናኝ እዚያ ሽንፋ ዳር ካለው የሰው መኖሪያ ንጣፍ ውስጥ ተገኘ። ወንዙ በበጋ እየደረቀ ኩሬ ኩሬ ሲሆን ሰዎቹ ዓሣውን በብዛት ይበሉ ነበር። ትንንሽ ሦስት ማዕዘን የድንጋይ ስለቶችም ተገኝተዋል፤ ተመራማሪዎቹ የቀስት ጫፍ ሳይሆኑ አይቀሩም ይላሉ። እኔ ስለ ሉሲ ከሚወራው ይልቅ ይህኛው ይበልጥ ያስገርመኛል። እነዚህ እንደ እኛው ያሉ ሰዎች ናቸው፤ በጋ ሲመጣ ምን እንብላ ብለው የተጨነቁ።

አባይ በረሃ ስወርድ ድንጋይ ውስጥ የባሕር ዛጎል አየሁ። ቅርስ ነው?

ቅሪተ አካል ነው። ከደጀን ቁልቁል ሲወርዱ የሚታየው ነጣ ያለ የኖራ ድንጋይ ከባሕር በታች የተጋገረ ነው። በዳይኖሰሮች ዘመን፣ ከ150 ሚሊዮን ዓመት በፊት፣ ይህ አገር ባሕር ነበር። እሳተ ገሞራው ድንጋይ በኋላ መጥቶ ላዩ ላይ ተደረበ፤ አባይ ደግሞ እንደ ዳቦ ቆርጦ ንጣፉን አሳየን። በዚያ ዘመን ሰው ስላልነበረ ነገሩ የአርኪዮሎጂ ሳይሆን የሥነ ምድር ጉዳይ ነው። ቢሆንም አዋጁ ቅሪተ አካልንም ስለሚጠብቅ ከድንጋዩ ፈልፍሎ ይዞ መሄድ አይፈቀድም። የኖኅ ውሃ ነው የሚሉ አሉ። እኔ ድንጋዩ የሚለውን ነገርኳችሁ፤ የቀረውን ከመምህራኑ ጠይቁ።

ጎጃም ውስጥ ጥንታዊ ነገር ማየት ብፈልግ ከየት ልጀምር?

መርጡለ ማርያም። እነብሴ ሳር ምድር ድረስ መንገዱ ረጅም ነው፤ ግን ይክሳል። በትውፊት የብሉይ ኪዳን መሥዋዕት ይቀርብባቸው ነበር ከሚባሉት አራት ቦታዎች አንዷ ናት። በ16ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ እቴጌ እሌኒ እዚያ ትልቅ ቤተ ክርስቲያን አሠራች። በግራኝ አሕመድ ጦርነት ጠፋ። በ17ኛው ክፍለ ዘመን ደግሞ በአፄ ሱስንዮስ ጊዜ ኢየሱሳውያን የሚባሉት የካቶሊክ ሚሲዮናውያን በዚያው ቦታ ሌላ አነጹ። ዛሬ ግድግዳው ቆሟል፤ ድንጋዩ ላይ የተቀረጹት አበቦች ትናንት የወጡ ይመስላሉ። የስፔን አርኪዮሎጂስቶች እነዚህን የሚሲዮን ፍርስራሾች ጣና ዙሪያና ጎጃም ውስጥ ለዓመታት አጥንተዋል።

ከዚያ ጣና። ዳጋ እስጢፋኖስ የአምስት ነገሥታት አጽም እንዳለ ይታወቃል፦ ይኩኖ አምላክ፣ ዳዊት፣ ዘርዐ ያዕቆብ፣ ዘድንግልና ፋሲለደስ። ሴቶች ወደ ዳጋም ወደ ክብራን ገብርኤልም አይገቡም፤ ጀልባ ከመከራየታችሁ በፊት ይህን እወቁ። ደቅ ደሴት ያለችው ናርጋ ሥላሴ፣ በ18ኛው ክፍለ ዘመን እቴጌ ምንትዋብ ያሠራቻት፣ ለሁሉም ክፍት ናት። በሯ ላይ የተቀረጸው ሰው ስኮትላንዳዊው ጄምስ ብሩስ ነው ይባላል። ዘጌ ላይ ዑራ ኪዳነ ምሕረት ከሥዕሎቿ በተጨማሪ ትንሽ ቤተ መዘክር አላት።

ለልጆች የሚሻለው ግን ጢስ አባይ አጠገብ ያለው የድንጋይ ድልድይ ነው። በ17ኛው ክፍለ ዘመን የተሠራ ነው፤ ኖራው በዕንቁላል ተለውሶ ነው የሚል ወሬ አለው። እውነት ይሁን አይሁን፣ እስከ ዛሬ ሰውና አህያ ያሻግራል።

የሙት ባሕር ጥቅልሎች ምንድን ናቸው? ከእኛ ጋር ምን ያገናኛቸዋል?

ይህ ጥያቄ ሲመጣ ደስ ይለኛል፤ ትንሽ ታገሡኝ።

በ1947 ቁምራን በሚባል ቦታ፣ ሙት ባሕር ዳር፣ በዘላን እረኞች እጅ አንድ ነገር ገባ፦ ዋሻ ውስጥ በሸክላ ማሰሮ የተቀመጡ የቆዳ ጥቅልሎች። ከዚያ በኋላ በጠቅላላው 11 ዋሻዎች ተገኙ። ከ2,000 ዓመት በላይ የሚሆናቸው ጽሑፎችም ነበሩባቸው። ዋጋቸው ሳይታወቅ ጫማ ሠሪ ዘንድ የዋሉ ነበሩ። በ1954 ደግሞ አራቱ ጥቅልሎች ኒው ዮርክ ውስጥ በሚታተም ጋዜጣ ላይ እንደ አሮጌ መኪና በማስታወቂያ ወጥተው በ250,000 ዶላር ተሸጡ።

አራተኛው ዋሻ ውስጥ ከወጡት ቁርጥራጮች መካከል በአራማይክ የተጻፈ መጽሐፈ ሄኖክ ነበረ። ዓለም ጉድ አለ። ልብ በሉ፤ መጽሐፈ ሄኖክ አውሮፓ ውስጥ ለብዙ መቶ ዓመታት እንደጠፋ ተቆጥሮ ነበር። ሐዋርያው ይሁዳ በመልእክቱ ይጠቅሰዋል፣ መጽሐፉ ግን የለም። ያ ጄምስ ብሩስ፣ በ1770 ግሽ ዓባይ ድረስ መጥቶ የአባይን ምንጭ ያየው፣ ሲመለስ የግዕዝ ሄኖክ ቅጂዎች ይዞ ሄደ። አውሮፓ መጽሐፉን መልሳ ያነበበችው ከእነሱ ነው። ከዚያ በፊት በ1618 ግሽ ዓባይን ያየው ስፔናዊው ፔድሮ ፓኤዝ ነበር፤ ይህን ብሩስ ሊያምን አልወደደም።

እስከ ዛሬ መጽሐፈ ሄኖክ ሙሉ ሆኖ የሚገኘው በግዕዝ ብቻ ነው። ቁምራን ቁርጥራጭ ሰጠ፤ ሙሉው ግን ብራና ላይ ተገልብጦ፣ ከ81ዱ መጻሕፍት ተቆጥሮ፣ ቤተ ክርስቲያን ውስጥ ሲነበብና ሲተረጎም ኖሯል። ጎጃም ላይ «ምን ተገኘ?» ብሎ የሚጠይቅ ሰው መጀመሪያ ዕቃ ቤት ይይ የምለው ለዚህ ነው። የእኛ አገር ጥንታዊ ነገር ግማሹ አልተቀበረም። ቁልፉ ቄሰ ገበዙ ዘንድ ነው።

የብራና ወይም የአጥንት ዕድሜ እንዴት ይታወቃል?

በሕይወት ያለ ነገር ሁሉ ካርቦን 14 የሚባል ነገር ከአየርና ከምግብ ይወስዳል። ሲሞት መውሰዱን ያቆማል፤ የወሰደው ግን እየቀነሰ ይሄዳል። በ5,730 ዓመት ውስጥ ግማሹ ያልቃል። የቀረውን ለክቶ ወደ ኋላ መቁጠር ነው። ይህን ያወጣው ዊላርድ ሊቢ በ1960 የኖቤል ሽልማት አግኝቶበታል። ብራና የፍየል ወይም የበግ ቆዳ ስለሆነ ለዚህ ይመቻል። አድዋ አጠገብ ያለው የአባ ገሪማ ወንጌል በዚህ መንገድ ተመርምሮ ከ330 እስከ 650 ባለው ጊዜ ውስጥ የተዘጋጀ መሆኑ ታውቋል። ከዚያ በፊት ብዙዎቹ ሊቃውንት ከ1000 በኋላ ነው ይሉ ነበር። መነኮሳቱ ግን ሁልጊዜም ጥንት ነው ነበር የሚሉት።

ዘዴው ከ50,000 ዓመት በላይ አይሠራም። ለሉሲ የተለካው አጥንቷ ሳይሆን ከላይና ከታች ያለው የእሳተ ገሞራ አመድ ነው። ድንጋይ ላይ ደግሞ ካርቦን 14 አይሠራም። ስለዚህ «ይህ ድንጋይ በካርቦን ተመርምሮ 10,000 ዓመት ሆነው» የሚል ቪዲዮ ካያችሁ አትመኑት።

የደንገል ታንኳ ከግብፅ የመጣ ነው?

የግብፅ ጥንታዊ መቃብሮች ውስጥ የተሳሉት የደንገል ጀልባዎች የጣናን ታንኳ በጣም ይመስላሉ። መመሳሰል ግን ማን ከማን ወሰደ የሚለውን አይነግርም። ደንገል የበቀለበት ውሃ ዳር የሚኖር ሰው ራሱ ሊያስበው ይችላል፤ የፔሩና የቦሊቪያ ሰዎችም ቲቲካካ ሐይቅ ላይ በሸምበቆ ጀልባ ይሄዳሉ።

ታቦተ ጽዮን ጣና ቂርቆስ ነበረች የሚባለው በቁፋሮ ሊረጋገጥ ይችላል?

አይችልም። ትውፊቱ ወደ አክሱም ከመሄዷ በፊት ለብዙ መቶ ዓመታት እዚያ እንደቆየች ይናገራል፤ ደሴቱ ላይም ለመሥዋዕት ያገለግሉ ነበር የሚባሉ የድንጋይ ዓምዶች አሉ። ቁፋሮ የዓምዶቹን ዘመን ሊገምት ይችላል። ታቦት ነበረች ወይስ አልነበረችም ማለት ግን ሥራው አይደለም። «አርኪዮሎጂ አረጋገጠ» ብሎ የሚጽፍም፣ «አርኪዮሎጂ ውድቅ አደረገ» ብሎ የሚጽፍም እኩል ይዋሻል።

አንድ ሰው የድሮ ብራና ሊሸጥልኝ ነው። ልግዛ?

አይግዙ። ሁለት ነገር ነው የሚሆነው። ወይ የተሰረቀ ነው፣ ያኔ ሌባ ያበረታሉ፣ ሕግም አለ። ወይ ትናንት የተሠራ ነው። አዲስ ብራና ጭስ ላይ ይሰቀላል፣ ቡና ወይም ሻይ ይቀባል፣ ጠርዙ ይላጫል፤ በሳምንት ውስጥ ያረጃል። ለቱሪስት የሚሸጠው አብዛኛው እንዲህ ነው። ጭስ የተቀባው ገጹ ሁሉ እኩል ይጠቁራል። እውነተኛው ግን ጣት የሚነካው የገጹ ታችኛ ጥግ ላይ ነው ይበልጥ የሚጠቁረው፤ ሰው ለዘመናት ሲገልጠው ስለኖረ።

የደብራችሁ መጻሕፍት ከጠፉ የሚያስመልሳቸው ፎቶ ነው። ሽፋኑ፣ የመጀመሪያውና የመጨረሻው ገጽ፣ ባለቤቱን የሚጠቅስ ጽሑፍ ካለም እሱ። ካህናቱን አስፈቅዳችሁ አድርጉት፤ ፎቶውን ግን ፌስቡክ ላይ አትለጥፉ። ሌባም ፌስቡክ አለው።

ወርቅ የሚጠቁም ማሽን ገዝተን የድሮ ቦታ ብንፈልግስ?

ያለ ፈቃድ ቅርስ ፍለጋ መቆፈር ወንጀል ነው። ደግሞ ማሽኑ ብረት ሁሉ ላይ ይጮኻል፤ ብዙ ጊዜ የሚያወጡት ሚስማርና የጥይት ቀለህ ነው። ያበላሹት መቃብር ግን አይመለስም።

ከአገር የወጣው ዕቃ ይመለሳል?

አንዳንዱ ተመልሷል። ጣሊያኖች በ1937 የወሰዱት የአክሱም ሐውልት በ2005 መጣ፣ በ2008 ቆመ። በ1868 እንግሊዞች መቅደላ ላይ ዘርፈው ዕቃውን በ15 ዝሆንና በ200 ገደማ በቅሎ አጓጓዙት። ከዚያ መጻሕፍት 350 የሚሆኑት ብሪቲሽ ላይብረሪ ናቸው። ቴዎድሮስ መጻሕፍቱን ከየአድባራቱ ሰብስቦ ነበር፤ የእነዚህ ደብሮች ልጆች ዛሬ የአባቶቻቸውን መጽሐፍ ለማየት ቪዛ ይጠይቃሉ። በ2019 የአፄ ቴዎድሮስ ጸጉር ተመለሰ። ታቦታቱ ግን እስከ አሁን ብሪቲሽ ሙዚየም መጋዘን ውስጥ ተዘግቶባቸዋል፤ ማንም አያያቸውም። ካላሳዩአቸው ለምን እንደሚያስቀምጧቸው የሚያስረዳኝ ሰው አላገኘሁም። ጀርመን በ1897 ከናይጄሪያ የተዘረፉትን የቤኒን የነሐስ ሥራዎች በ2022 መመለስ ጀምራለች፤ ስለዚህ የማይቻል ነገር አይደለም።

ልጄ አርኪዮሎጂ ልማር ትላለች። የት ትማር?

አዲስ አበባ ዩኒቨርሲቲ አርኪዮሎጂና የቅርስ አስተዳደር ያስተምራል። እስከዚያው ታሪክ፣ ጂኦግራፊና ኬሚስትሪ ላይ ትበርታ። ግዕዝ ብታክልበት ደግሞ እዚህ አገር ከማንም የተሻለ ሥራ ትሠራለች፤ ለዚያም ሩቅ አትሂድ፣ ጎጃም የቅኔ መምህር አይጠፋም። ፀሐይና አቧራ የማትወድ ከሆነ ግን አስቀድማ ታስብበት።